የአምስት መኪና ፊርማ

ዌልበርን፣ ኦሃዮ
ሜይ 14

ወንድሜ ሎውል፣

የአሪዞና ፀሐይ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለው? ካርድህ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ መልሱ ስለዘገየ አትቀየመኝ። በስልክ እንዳልነግርህ ያ የጆሮ መሣሪያህ አለ። አምና «ኤልዉድ ወጥቷል» ስልህ «ሞቷል?» ብለህ ጮኸህ ጎረቤትህን ሁሉ ያስወጣኸውን አልረሳሁትም። እኔና አንተ ደብዳቤ ይሻለናል።

ባሌ ኤልዉድ ለልደትህ ለምን እንዳልደወለ ጠይቀሃል። ጉሮሮውን ትንሽ ስላመመው ነው። አውቃለሁ፣ በየዓመቱ «አንድ ዓመት የጨመረ ሽማግሌ፣ ጥርሱ ደህና፣ ጆሮው የተበላሸ፣ ማን ይጀምራል?» እያለ እንደ በሬ ለጨረታ ሲያወጣህ የእሱን ድምፅ ብቻ አጥርተህ ትሰማለህ። ዘንድሮ ገዢ ሳታገኝ ቀረህ። ሲሻለው ይደውልልሃል።

«ሰፈሩስ እንዴት ነው?» ላልከው፣ ሰፈሩ ዶሮ ዶሮ ይሸታል። ማእዘኑ ላይ ያለውን የዶሮ ጥብስ ቤት ሲከፈት አይተኸዋል፤ ሳይወርድ በመስኮት የሚገዛው መኪና ሰልፍ የት እንደደረሰ ግን አላየህም። ግቢው የሚይዘው አምስት መኪና ነው። ስድስተኛው ሚል ጎዳና ላይ ይቆማል፣ ሰባተኛውም ከኋላው፣ እንዲህ እያለ በእኛ በር አልፎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይደርሳል። ሁሉም ሞተሩን አያጠፋም። ቅባቱ መጋረጃዬ ውስጥ ገብቷል፤ ሦስቴ አጥቤው አልለቀቀም። የእግረኛው መንገድ ላይ የፈነዳ ካቻፕ፣ የታኘከ አጥንት፣ ቅባት የጠጣ ወረቀት እየረገጥኩ ነው ፖስታ የማወጣው። ባለፈው ሰኞ አንዱ ሰልፉን ላለመልቀቅ ብሎ በብርጭቆው ሸንቶ አበባዬ ላይ ደፋው። አየሁት። እሱም አየኝ። ከዚያ መስኮቱን ዘጋ።

ሾፌሩ የሚነጋገርበት የማዘዣው ሳጥን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ «ቅመም ያለው ነው የሌለው?» ይላል። እኔ ሳልጠየቅ በቀን አራት መቶ ጊዜ እጠየቃለሁ።

አንተ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማውን የፕላን መምሪያ ይዘህ ኖረሃል። እንዲህ ያለ ቤት በራሱ ግቢ ውስጥ ስንት መኪና ማሰለፍ አለበት የሚል ደንብ የለም እንዴ? ካለ ቁጥሩን ጻፍልኝ።

እህትህ ቬልማ

—

አሪዞና
ሜይ 26

ውድ እህቴ ቬል፣

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ስለሌለ ዝም ብሏል። ባለፈው መጸው እመጣለሁ ብዬ ስለቀረሁ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ምክንያቱን ስንገናኝ እነግርሻለሁ።

ደንቡ አለ። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ደንበኛን መኪናው ውስጥ እንዳለ የሚያስተናግድ ማንኛውም ቤት፣ ከመስኮቱ ወደ ኋላ ሲቆጠር አሥራ ሁለት መኪና በግቢው ማሰለፍ አለበት። ለአንድ መኪና ሃያ ጫማ ይያዛል። የሰልፉ ጭራ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። የማዘዣው ሳጥን ከመኖሪያ ቤት መቶ ጫማ ይራቅ ይላል። ጥሩ ደንብ ነው።

ለዚያ ቤት ግን የከተማው የፕላን ቦርድ ልዩ ፈቃድ ሰጥቶታል። ልዩ ፈቃድ ማለት ባለቤቱ «የእኔ ጉዳይ ከሌላው ይለያል» ብሎ ሲያስረዳና ሲታመን የሚሰጥ ነው። በጊዜው የቀረበውን መረጃ አይተው የወሰኑት ነገር ነው። አሁን መነካካቱ የሚጠቅም አይመስለኝም። በአጥሩ በኩል ጥድ ትከሉ፤ ቶሎ የሚያድገውን ዓይነት። ድምፁንም ሽታውንም ይቀንሳል።

የኤልዉድ ጉሮሮ እስካሁን አልዳነም? ሐኪም አይቶታል? እንዲህ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያውቅም።

ወንድምሽ ሎውል

—

ዌልበርን
ጁን 9

ሎውል፣

እኔም ሰላም አለሁ ልበል። ዋሽቼሃለሁ፤ መጀመሪያ ለሱ ይቅርታ አድርግልኝ። ከዚያ ተቀምጠህ አንብብ።

ኤልዉድን ጉሮሮውን አላመመውም። ኤፕሪል 18፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ሣር ማጨጃውን እንደያዘ ቀኝ ጎኑ ከዳውና ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶ ነው። ቀኝ እጁ አይሠራም፣ እግሩ በጥቂቱ፣ ምላሱ ፈጽሞ። አርባ ዓመት በየገበያው የበሬ ጨረታ ሲጮህ የኖረ ሰውዬ «ውሃ» ማለት አቅቶታል። ያልነገርኩህ፣ መጀመሪያ ይድናል ብዬ ነው፤ ኋላ ደግሞ ከጻፍኩት እውነት ይሆናል ብዬ ፈርቼ።

አንተ ጥድ ትከሉ ትለኛለህ።

አምቡላንሱን በጠራሁት በአራት ደቂቃ የሚል ጎዳና ጫፍ ደርሷል። ከጫፉ እስከ በራችን ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ያንን ሁለት መቶ እርምጃ ለማለፍ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። በአንድ ጎን የቆሙ መኪኖች፣ በሌላው ጎን የዶሮው ሰልፍ፣ መሃል የዘይት ጫኝ መኪና። ኤልዉድን ሣሩ ላይ ትቼው ሮጥኩ። መስኮት መደብደብ ጀመርኩ። «ውጡ! ወደ ሣሩ ውጡ!» እላለሁ። አንዷ «የኔ እመቤት፣ አርባ ደቂቃ ነው የተሰለፍኩት፤ ከወጣሁ ማን ያስገባኛል?» አለችኝ። አንዱ ጎረምሳ «ከፊቴ ያለው ይውጣ» አለ። ከፊቱ ያለው ከኋላ ያለው ይውጣ አለ። አንድ ሰማያዊ መኪና ውስጥ ያለች ሴት ድንች እየበላች ዝም ብላ አየችኝ፤ ጣቷን ላሰች። ደግሞ ያ ሳጥን ይህ ሁሉ ሲሆን «ቅመም ያለው ነው የሌለው?» ይላል።

ሐኪሙ ለስላሳ ሰው ነው። «እንዲህ ያለ ነገር ላይ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው» አለኝ። አሥራ አንዱ ምን ያህል እንደሚያወጣ ጠየቅኩት። የኤልዉድን ካርድ አገላበጠ።

አሁን ጥያቄዬን ሸሽተኸኛልና በቀጥታ ልጠይቅህ። ቦርዱ ብቻውን አይወስንም፤ ከመምሪያው አንድ ሰው «ይሰጠው» ብሎ የውሳኔ ሐሳብ ይጽፋል፤ አንተው ነህ በእራት ሰዓት እያወራህ ያስተማርከን። ለዶሮው ቤት የጻፈው ማን ነው? አሥራ ሁለቱ አምስት የሆነው በማን እጅ ነው? ካልነገርከኝ ሄጄ ፋይሉን አያለሁ።

ቬልማ

—

አሪዞና
ጁን 20

ቬል፣ እህቴ፣

ምን ልበልሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኤልዉድን በእኔ ስም ሳሚልኝ። የንግግር ሐኪም ጀምሯል? ሁለት ዓመት ሙሉ ሊሻሻል ይችላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እዚህ የእኔ ጎረቤት አንዱ እንዲሁ ሆኖ አሁን ካርታ ይጫወታል፣ ይሳደባልም።

ፋይሉን ለማየት አትድከሚ። የቁጥር ክምር ነው፤ ያለ ባለሙያ አይገባም። በዚህ ላይ ኤልዉድን ማን ይዞልሽ ትሄጃለሽ? ስለሌላው ነገር ረጋ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ሎውል

—

ዌልበርን
ጁላይ 2

ሎውል፣

የረጋ ደብዳቤህን መጠበቅ አቃተኝ። ኤልዉድን ለጎረቤቴ ለኧርማ ሰጥቼ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ።

መዝገብ ቤት ያለችው ወይዘሮ ፍሊክ ናት፤ ያቺ ከአንተ ጋር ስትሠራ የነበረች፣ መነጽሯን በሰንሰለት የምታንጠለጥለው። ፋይሉን ስጠይቃት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ቬልማ፣ ባታዪው አይሻልሽም?» አለችኝ።

«ለምን? ይነክሳል?»

«ወንድምሽ ጥሩ አለቃ ነበር።»

«ስለ ወንድሜ መች ጠየቅኩሽ?»

ያኔ ገባኝ፣ ሎውል። ሳልከፍተው ገባኝ። እሷም እንደገባኝ አየች፤ ዞር ብላ ወረቀት የምትፈልግ መሰለች።

የቁጥር ክምር ያልከው ስድስት ገጽ ነው። ለሞኝም ይገባል። ኩባንያው ከአጎራባች ከተማ ባለ ሌላ ቅርንጫፉ የመኪና ቆጠራ አሠርቷል። በሥራ የበዛበት ሰዓት የተሰለፈው ከአምስት መኪና አይበልጥም ይላል። ቅርንጫፉ ያለው ከአንድ ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ነው። የቆጠራው ቀን ደግሞ የፋሲካ ሳምንት ነው። ትምህርት ቤቱ ዝግ የሆነበት ሳምንት! ስምንት መቶ ተማሪ ባሕር ዳር ሄዶ ነው ዶሮው ቤት የተቆጠረው። ከሥሩ «ቆጠራውን በቦታው ተገኝቼ አረጋግጫለሁ። አምስት መኪና በቂ ነው» ይላል። ሎውል ጄ. ካስፓር። «ካ»ዋን እንደ መንጠቆ የምትጠመዝዛት ፊርማ። እናታችን ትኮራባት የነበረችው።

እዚያው የእንግዶች ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊርማህን በጣቴ ተከተልኩት።

የከተማውን ጠበቃ ኮሪደር ላይ ያዝኩት። እንዲህ ነው ያለኝ፤ ቃል በቃል ልጻፍልህ። «ሹሙ ተሳስቶ ከሆነ ስህተት ነው፤ የተሰጠ ፈቃድ በስህተት አይነሣም። ሹሙ እያወቀ አድርጎት ከሆነ ግን ቦርዱ በውሸት ላይ ነው የወሰነው ማለት ነው። በውሸት የተገኘ ፈቃድ ይሰረዛል።» ሴፕቴምበር 9 የቦርዱ ስብሰባ አለ፤ አቤቱታዬን አስይዣለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ታውቅ ነበር?

ቬልማ

—

አሪዞና
ጁላይ 15

ቬል፣

ቁጣሽ ተገቢ ነው። ለቦርዱ የሚሆን የተፈረመ ቃል ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬልሻለሁ። የጻፍኩት በጥንቃቄ ነው፤ እዚህ ያለ ጡረታ የወጣ ጠበቃም አይቶታል። «የቆጠራው ቀን ከትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር መግጠሙ በወቅቱ ከእይታዬ አምልጧል፤ በመሆኑም ከልብ አዝናለሁ» ይላል። ይህ የሚረዳሽ ይመስለኛል።

በዚህ ዕድሜዬ ቦርዱ በሚሰበሰብበት አዳራሽ መቆም ይከብደኛል። አዳራሹ በስሜ መሰየሙን ታውቂያለሽ። እባክሽ ተረጂኝ።

ሎውል

—

ዌልበርን
ጁላይ 23

ሎውል፣

ወረቀትህን በዚሁ ፖስታ መልሼልሃለሁ። ቤቴ ውስጥ እንዲያድር አልፈለግሁም።

«ከእይታዬ አምልጧል።» አንተ በአሥር ዓመትህ የጎረቤት አጥር በአራት ጣት ወደ እኛ ገብቷል ብለህ አባታችንን በገመድ ያስለካህ ልጅ! ከአንተ እይታ ስምንት መቶ ተማሪ አመለጠ? ያ ጠበቃህ ያየልህ አንተን የሚያድንህን ቃል ነው፤ ስህተት ከተባለ የሚተርፈው ፈቃዱ ነው፣ የሚተርፈው ዶሮው ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከምትልክልኝ አንድ ባልዲ የዶሮ ቅባት ብትልክልኝ እመርጥ ነበር። እሱ ቢያንስ ምን እንደሆነ አይደብቅም።

ደብዳቤህን ለኤልዉድ አነበብኩለት። ከእሱ ምንም አልደብቅም። ደህና በሆነው እጁ ወረቀቱን ወስዶ ፊቱን አዙሮ ተኛ።

ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? ሌላ ነገር ጽፈህ አትላክ።

ቬ.

—

አሪዞና
ኦገስት 8

ቬልማ፣

አውቅ ነበር።

የቀረውን የምነግርሽ ምክንያት ይሆነኛል ብዬ አይደለም። ማወቅ መብትሽ ስለሆነ ነው።

ቆጠራውን ላረጋግጥ ራሴ ነድቼ ሄድኩ። ከመኪና ወርጄ ቆምኩ። ግቢው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ማዶ የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ «መልካም ዕረፍት፣ ሰኞ እንገናኝ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። አነበብኩት። የማንበቢያ መነጽር እንኳ አላስፈለገኝም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ያመጣልኝን ሰው ሁሉ «ሂድና በሥራ ቀን ቆጥረህ ተመለስ» ብዬ ነበር የምመልሰው። ያን ቀን ግን መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ፈረምኩ።

ማንም አልገዛኝም። ቢገዛኝ ኖሮ ለመናገር ይቀል ነበር። ጡረታ ልወጣ አራት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። የዶሮው ቤት ባለቤት ሪድናወር በየቁርስ ቤቱ «ካስፓር መቼም እምቢ ነው የሚለው፤ ሲወለድም እምቢ ብሎ ነው የወጣው» እያለ ሰው ያስቃል። እውነቱን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እምቢ ስል ኖርኩ። የአንዱን በረንዳ፣ የሌላውን ጋራዥ፣ የሌላውን ማስታወቂያ። ገበያ ስገባ ሰው መደርደሪያ ይቀይርብኛል። አንድ ጊዜ እሺ ብዬ፣ ተጨብጭቦልኝ መውጣት አማረኝ። ተጨበጨበልኝም። ሪድናወር በመሸኛዬ ላይ አቀፈኝ፤ አዳራሹን በስሜ እንዲሰይሙት ሐሳብ ያቀረበውም እሱ ነው። ኬክ ነበረ። አንቺና ኤልዉድ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ነበር፤ ኤልዉድ ሰዓቴን በጨረታ ሸጦ ሰውን ሁሉ በሣቅ ገደለው።

ባለፈው መጸው ያልመጣሁት ሰልፉን ላለማየት ነው። የቁርስ ቤት ወዳጆቼ በካርድ ጽፈውልኝ ነበር፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እንደሚደርስ አውቅ ነበር። ጥድ ትከሉ ስልሽም አውቅ ነበር። ፊቴን ስታጠብ መስተዋት ውስጥ ማየት የማልፈልገው ሰው ሆኛለሁ።

ሴፕቴምበር 9 እመጣለሁ። በእናንተ ቤት አላርፍም፤ መኝታ ይዣለሁ። ልትቀበዪኝ አትምጪ።

ሎውል

—

ዌልበርን
ሴፕቴምበር 21

ሎውል፣

በሰላም መግባትህን ከወይዘሮ ፍሊክ ሰማሁ። ደህና ሁኑ ሳትል ነው የሄድከው። ስለሱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።

«ከኋላዬ ምን ሲሉ ነበር?» ብለህ ለእሷ በወረቀት ጽፈህ ሰጥተሃታል አሉ። እሷ ደግ ስለሆነች አልነገረችህም። እኔ ልንገርህ፤ ያልሰማኸው ብዙ ነው።

ወደ ድምፅ ማጉያው ስትሄድ አንዱ «ማን ነው ይሄ?» ሲል ሌላው «አዳራሹ ነዋ!» አለ፤ ተሣቀ። ስትጀምር ከኋላችን ያለው ወፍራም ሰውዬ «ጃጅቷል፤ እህቱ ናት የምታስለፈልፈው» አለ። ሪድናወር ተነሥቶ «ክቡራን፣ ዶሮ መውደድ ወንጀል ሆነ እንዴ? ሕዝቡ ተሰለፈ ማለት ወደደ ማለት ነው!» ሲል አጨበጨቡለት። ሳጥኑ ላይ የምትሠራው ልጅ እናት «እንጀራዋን ልትዘጉ ነው?» ብላ አለቀሰች። እውነት ለመናገር እሷ ብቻ አሳዘነችኝ።

ከዚያ ሰብሳቢዋ «የትምህርት ቤቱን መዘጋት ያውቁ ነበር?» ብላ ጠየቀችህ። አልሰማሃትም። እንደገና ጠየቀች። አንተ «አዎ፣ በመኪና ነው የመጣሁት» አልካት። ሰው ፈነዳ በሣቅ። እኔ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ አልኩ። ወይዘሮ ፍሊክ ጥያቄውን በትልቁ ጽፋ ፊትህ ስትይዝልህ ነው ያነበብከው። የመለስክበትን ድምፅ አንተ አታውቀውም፤ ጆሮው የተያዘ ሰው ድምፁን አይለካም። «አውቅ ነበር!» ብለህ እንደ ሰካራም ጮኽክ። መስኮቱ ነዘረ። ሣቁ ባንዴ ነው የቆመው። «ሰሌዳውን አንብቤ ነው የፈረምኩት። ውሸት ነው የጻፍኩት። የአማቼ ምላስ የተያዘው በዚያ ወረቀት ነው።» የወፍራሙን ሰውዬ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ሰማሁት።

አንተ ከወጣህ በኋላ አንዲት ሴት ወደ እኔና ወደ ኤልዉድ መጣች። «ሰማያዊ መኪና የነበርኩት እኔ ነኝ። የአምቡላንሱ ጩኸት ወደ ሌላ ሰፈር የሚሄድ መስሎኝ ነው» አለች። ፊቷ ቆንጆ ነው፣ አንድ የእጅ ቦርሳ አቅፋለች። ይቅርታ እንዳደርግላት ትጠብቃለች። እኔ ግን ጣቷን ነበር የማየው። ዊልቸሩን ገፍቼ አለፍኳት። ክርስቲያን ይህን አያደርግም በለኛ፤ አደረግኩት።

ውሳኔው ባለፈው ዓርብ ወጣ። ሦስት ለሁለት። ፈቃዱ ተሰርዟል። አሥራ ሁለት መኪና የሚይዝ ግቢ እስኪያበጅ በመኪና መስኮት መሸጥ አይችልም፤ ሰው ወርዶ በእግሩ ይግባ። ሪድናወር ፍርድ ቤት እሄዳለሁ ብሏል። ሳጥኑ ግን ዛሬ ጠዋት ዝም አለ። ዝምታው ጆሮዬን አመመኝ። በረንዳችን ላይ አንድ ሙሉ ከረጢት የተጋጠ አጥንት ተገልብጦ አገኘን፤ ትንኝ ወሮታል። በአካፋ አነሣሁት። ጎረቤቶቻችን ናቸው እንግዲህ። ለሃያ ዓመት የገና ብስኩት የጋገርኩላቸው።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ምንም አላለኝም።

ቬልማ

—

አሪዞና
ኦክቶበር 4

ቬል፣

ስለ ነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ሁሉንም መስማት ነበረብኝ። ስሜን ከአዳራሹ እንዲያነሡ ለማዘጋጃ ቤቱ ጽፌያለሁ፤ ሳልጽፍላቸው አንሥተውታል አሉ።

ደህና ሁኑ ሳልል የሄድኩበትን ልንገርሽ። በበሩ ስወጣ ኤልዉድ ዓይን ዓይኔን አየኝ። አፉን ከፈተ፤ ሲንቀሳቀስ አየሁት። አልሰማሁትም። እንደ ልማዴ እጄን ሰድጄ መሣሪያዬን ከፍ አደረግኩ። አሁንም ምንም። እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት፤ የአዳራሹ ወንበር ሲንሸራተት እንደ ነጎድጓድ ይሰማኛል፣ የሰው ሳል ይሰማኛል፣ የእሱ ግን የለም። የጎደለው የእኔ ጆሮ አለመሆኑ ያኔ ገባኝ። በደብዳቤ አንብቤው ነበር፤ ያወቅኩት ግን ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ እዚያ መቆም አልቻልኩም። ሮጥኩ ብልሽ ይሻላል።

መጠየቅ የማይገባኝን ልጠይቅሽ። በኖቬምበር መጨረሻ በሚውለው የምስጋና ቀን ልምጣ? እምቢ ካልሽ እምቢ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልቀየምም። ምግብ ባትሰጪኝም ግዴለም። መንገድ ላይ ያለውን ቆሻሻ እጠርጋለሁ፤ የኤልዉድን ሣር አጭዳለሁ።

ሎውል

—

ዌልበርን
ኖቬምበር 2

ሎውል፣

እዚህ በረዶ ጀምሯል። የኤልዉድ እግር ትንሽ ጠንክሯል፤ በከዘራ ከወጥ ቤት እስከ መስኮት ይሄዳል። ፍርድ ቤቱ የሪድናወርን ጉዳይ ለጃንዋሪ ቀጥሮታል። ሊያሸንፍም ይችላል፤ ጠበቃው ከእኛ ይበልጣል። እስከዚያ ድረስ መንገዱ መንገድ ነው። ባለፈው ሐሙስ ለኧርማ አምቡላንስ መጣ፣ ልቧ ነው፤ ከመንገዱ ጫፍ እስከ በሯ ያለውን ደቂቃ መቁጠር ሳልጀምር ገብቷል። ዛሬ ቤቷ ናት፤ ሾርባው ጨው የለውም ብላ እየተነጫነጨች ነው። ይህን እንድታውቅ ፈልጌ ነው።

ላቀረብከው ጥያቄ አንድ ወር ሙሉ ሳልመልስ ቆየሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ሁሉም «አትምጣ» ይል ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ፊርማህን ያየሁ ቀን የተሰማኝ መጎፈነን እስካሁን አልለቀቀኝም። ስለተናገርክ አከበርኩህ፤ ስለፈረምክ ግን አሁንም ትዝ ስትለኝ ምግቤን አስቀምጣለሁ። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን አላጠበውም።

ትናንት አራተኛውን ስጽፍ ኤልዉድ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጦ ያየኝ ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። በግራ እጁ ነው፤ የንግግር ሐኪሟ እያለማመደችው ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ከክብና ከመስመር አላለፈም ነበር። ወረቀቴን ስቦ አጎነበሰ። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ላቡ ወረደ፤ ላግዝህ ስለው በክርኑ ገፋኝ። እኔ የጻፍኩትን በሙሉ በአንድ ወፍራም መስመር ሰረዘው። ከሥሩ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ዶሮ እግር የተንጋደደ፣ ግን የሚነበብ አንድ ቃል ጻፈ።

«ይምጣ።»

እኔ ብሆን እንዲህ አልጽፍም ነበር። ግን አፉን ያጣው እሱ ነው፤ ቃሉም የሱ ነው። በምስጋና ቀን ዋዜማ፣ ረቡዕ ግባ። በጎን ክፍል ፍራሽ አነጥፍልሃለሁ። እንዳናግርህ አትጠብቅ።

ቬልማ